የፓምፕ ጣቢያው ፕሮሰሰርና ቄስ አዳነ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢንጂነር ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ግቢዬ ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር ተቀምጣ አንድ ካርቶን ከፈተችልኝ። ስሟ ትዕግሥት ነው፤ እኔ አምና ጡረታ ስወጣ የፓምፕ ጣቢያችንን የተረከበችው እሷ ናት። ከካርቶኑ ውስጥ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ውስጥ የብር ቀለም ያለው ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ደግሞ ከመዳፌ ብዙ የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ወጣች። ፕሮሰሰር ናት። ሦስቱን ፓምፖች ተነሡ፣ ተኙ እያለች የምታዝ የጣቢያው አንጎል ማለት ነው። አሮጌዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርታለች፤ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ መብራት ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ አቃጠላት። ፋብሪካው እሷን የመሰለ መሥራት ካቆመ ስለቆየ፣ ልጅቷ ስንቱን ጠይቃ፣ ለስንቱ ጽፋ፣ በእሷ ቦታ የምትገባ ተተኪ አስመጣች። ልፋቷን ማመስገን ነበረብኝ፤ ነገር ግን ላስቲኩ ሲቀደድ የወጣው ሽታ፣ ያ የአዲስ ፕላስቲክና የብየዳ ሽታ፣ ወደ ሃያ ስድስት ዓመቴ ወሰደኝና ለጥቂት ጊዜ ምን እንደምትለኝ አልሰማኋትም።

ያን ጊዜ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚያስገባው መንገድ ኮረት ነበር። አውቶቡሱ ገብቶ ሲያራግፈን ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን፣ የማያውቀን ሰው ሁላችንንም ሽማግሌ ይለን ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር አርባ ሳንቲም ነው። ዛሬ እዚያው ጥግ ተቀምጬ የሻይ ሒሳብ ስጠይቅ፣ ብርጭቆውም አብሮ የተሸጠልኝ ይመስለኛል። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ያሰፋሁት እግረ ሰፊ ካኪ ሱሪ ነበረኝ፤ በደረት ኪሴ ቴስተር ሰክቼ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ ከቅዳሜ ገበያ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ስሄድ ባለ መረብ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ልጃገረዶች ዞር ብለው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ማየታቸውን አሁን እጠራጠራለሁ። ጥጉ ላይ ያለው ሻይ ቤት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረው። ባለቤቱ የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ እነሱም ትንሽ ነፍስ ዘርተው አንድ ካሴት ያህል ይዘፍኑና መልሰው ይደክማሉ። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ እየተጎተተ ወፍራም ሲሆን ሁላችንም እንስቅ ነበር። ባትሪ ለእኔ ያን ጊዜ ይኸው ነበር፤ የሚሣቅበት ነገር።

ጣቢያው ከአሸተን ተራራ ግርጌ፣ ከሰፈራችን በታች ሸለቆው ውስጥ ነው። አንድ ፕሮጀክት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ሦስት ፓምፕ ተክሎ፣ አፋፉ ላይ ታንከር ሠርቶ ሄደ። ታንከሩ ሲጎድል መልእክት በሽቦ ይወርዳል፤ ፕሮሰሰሯ አንዱን ፓምፕ ታስነሣለች። ታንከሩ ሲሞላ ታስተኛዋለች። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ካነሰ ደግሞ ፓምፑ ባዶውን ሮጦ እንዳይቃጠል ሁሉንም ታቆማለች። ሰፈሩ ይኼን ሲያይ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ሰው ያለ መስሎት ነበር። እኔም አንዳንዴ አለ እል ነበር፤ ወጣትነት። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ገደሉን ወርደው ምንጭ ድረስ ይሄዱ ነበርና፣ ቧንቧው የተከፈተ ቀን የተባለውን እልልታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የጣቢያው ጥበቃ ቄስ አዳነ ነበሩ። በእኛ አገር ካህን ሆኖ ማረስም፣ ዘብ ማደርም የሚያስገርም አይደለም። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ይበልጡኛል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ቅዳሴ ሲቀድሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ለመስማት ከወንዝ ማዶ አጥቢያ ሰው እየተሻገረ ይመጣ ነበር። እኔ ለቤተ ክርስቲያን እምብዛም የማልደክም ሰውዬ እንኳ፣ እሳቸው ተረኛ የሆኑበትን ሰንበት አውቄ እሄድ ነበር። ቀን ቀን ጣቢያው በራፍ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ስለ ማሽኑ ይጠይቁኛል። ታንከሩ መሙላቱን እዚህ ሆና በምን ታውቃለች? ባትሪዋስ ለምንድን ነው? መብራት ሲጠፋ የተማረችውን እንዳትረሳ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው ከብዙ ደብተራ ትሻላለች አሉኝ።

ቄስ አዳነ አንድ ልማድ ነበራቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ለማርያም ቀድሰው ሲወጡ፣ ከአሸተን ማርያም በቅል ያስመጡትን ጠበል ይዘው ወደ ጣቢያው ይወርዳሉ። በሩን ይረጫሉ፣ ጉድጓዱን ይረጫሉ፣ ፓምፖቹን አንድ በአንድ ይረጫሉ። ፓኔሉን ግን፣ ፕሮሰሰሯ ያለችበትን የብረት ቁም ሳጥን ማለቴ ነው፣ ከውጭ ብቻ ነበር የሚረጩት። ከውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፣ እንዳይከፍቱት ብዬ አስጠንቅቄያቸው ስለነበር ቃሌን አክብረው ከመዝጊያው አያልፉም።

እኔን ሙያ ያስተማረኝ ኮምቦልቻ የነበረ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለት ጣቱን መብራት ወስዶበታል። የቀሩትን ሦስቱን እያሳየ የሚያስተምረን አንድ ትምህርት ነበር፤ መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ንካ። ይኼን ስንቴ እንዳስደገመን አልቆጥረውም። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዋናውን ማብሪያ ሳላወርድ ምንም ነገር ነክቼ አላውቅም ነበር፤ እዚህ ላይ ኩራቴ ወደር የለውም።

በጥር ወር የፕሮሰሰሯ የባትሪ መብራት ቢጫ ሆኖ በራ። አዲሱ ባትሪ በአውቶቡስ የደረሰኝ በሃያ ነው። በማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። በዚያች ቀን በእኛ አገር መፍቻ የሚያነሣ ሰው የለም፤ ሞፈርም፣ መጥረቢያም፣ መርፌም አይነሣም። እኔ ግን በሃያ ሁለት ማለዳ ለፈቃድ ወደ ደሴ ልሄድ ትኬት ቆርጬ ነበር። ባትሪ መቀየር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማን ያየኛል አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም ቢሆን የተማርኩ ነኝ ባይነት ነበረብኝ፤ በዓል ስለማክበር ገበሬዎቹ ላይ ማሾፍ እወድ ነበር።

ቅዳሴው ሳይወጣ ወርጄ ፓኔሉን ከፈትኩ። ከባትሪው ጋር በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት ነበረው፤ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እንደተማርኩት ዋናውን ማብሪያ አወረድኩ። አሮጌውን ባትሪ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ ማብሪያውን መለስኩ። ፕሮሰሰሯ ላይ ቀይ መብራት በራ። ጠበቅሁ። አልጠፋም። ፓምፖቹ ዝም አሉ። አውርጄ መለስኩ፤ ያው ቀይ። መብራቱንም ባትሪውንም አንድ ላይ ስነፍጋት የምታውቀውን ሁሉ ረስታ እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። በዚህ መሐል የቅዳሴ መውጫ ደወል ተደወለና ቄስ አዳነ ዳገቱን ሲወርዱ አየሁ። ነጭ ለብሰዋል፤ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በማርያም ቀን መፍቻ ይዤ ሊያገኙኝ ነው ብዬ ደነገጥኩና ዕቃዬን ሰብስቤ በጀርባ በኩል ወጣሁ። ፓኔሉን አልዘጋሁትም።

እሳቸው ገብተው ፓኔሉ ተከፍቶ ሲያገኙት፣ ለበዓሉ ብዬ የከፈትኩላቸው መሰላቸው። ይኼን በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። ደስ ብሏቸው ወደ ውስጥ ረጩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ቀዩን መብራት አዩ፤ የፓምፖቹም ዝምታ ተሰማቸው። ልጅ ልከው ሲያስጠሩኝ እየሮጥኩ መጣሁ። ቄስ አዳነ ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ ቆመው ነበር። አይዞዎት፣ ከእርስዎ በፊት ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፓኔሉን የማየው መስዬ ምን ሆነ አልኩ።

በሃያ ሁለት ደሴ አልሄድኩም። አለቆች መጡና በእጅ እናስነሣው አሉ። ጉድጓዱ ጎድሎ ሳለ አንዱ ፓምፕ ባዶውን ሮጦ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካ ተባለ። ባለሙያው የመጣው ዓቢይ ጾም ተጋምሶ ነው። እስከዚያ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ምንጭ ተመለሱ። በየጠዋቱ ቤቴ ደጃፍ ሲያልፉ አያቸው ነበር። የሚያወሩት ስለ ቄስ አዳነ ነው። ጠበል ማሽን ገደለ ማለት ለሰፈሩ የማይዋጥ ነገር ነበርና ምክንያት ተፈለገለት፤ ጠበሉስ ምን አደረገ፣ እጁ ነው እንጂ ተባለ። አንድ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው ተባለ። እኔ ይኼን እየሰማሁ ሻይ ቤት ተቀምጬ ዘፈን አዳምጥ ነበር። ልናገር ብል ማርያምን የሻርኩ፣ ውሃውንም ያቋረጥኩ እኔ ልሆን ነው። ከሥራ እባረራለሁ፤ ከዚያም በላይ በዚያ ሰፈር ማንም እሳት አያጭረኝም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ቅን ሰው ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ፕሮግራሙን መልሶ ጫነው። ከዚያ ብቻችንን ሳለን፣ ባትሪው ተነክቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተነካም አልኩት፤ ውሃ ተረጭቶበት ነው። በመዝጊያው ውስጠኛ ገጽ ላይ የደረቀውን ጠብታ አሳየሁት። ውሃ ገብቶበት ብሎ ጻፈ። ሲሄድ፣ ለወደፊቱ ባትሪ ስትቀይር መብራቱን እንዳታጠፋ፣ ይችን ዓይነት ማሽን ባትሪዋን የምትቀይርላት እንደበራች ነው አለኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ምን እንዳደረግሁ ጠንቅቄ ዐውቃለሁ።

ቄስ አዳነ ጥበቃውን ራሳቸው ተዉት። እኔ ካለሁ ውሃው አይረጋም አሉ። ይኼ እንኳ ይቻል ነበር። ነገር ግን መቅደስ መግባትም ተዉ። የንስሐ አባታቸው ለመኗቸው፤ ስግደት ሰጧቸው፤ ሰገዱ፤ ጾም ሰጧቸው፤ ጾሙ። ሲጨርሱም አልገቡም። የማርያም ጠበል በእጄ ደርሶ ጥፋት ከሆነ፣ ሥጋ ወደሙን በዚህ እጅ እንዴት እነካለሁ ይሉ ነበር። ሰንበት ሲሆን ከምእመናኑ ጋር ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ከወንዝ ማዶ የሚመጣውም ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። እኔም መሄዴን ተውኩ፤ እሳቸውን ከግንቡ ሥር ማየት አልቻልኩማ።

በበዓል በበዓል ስኳር ይዤ ቤታቸው እሄድ ነበር። አንድ ክረምት ጣሪያቸው ሲያፈስ ቆርቆሮ ገዝቼ አስመታሁላቸው። እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ባትኖር ማን ያስበኝ ነበር ይሉኛል። ከዚያ ቤት የወጣሁባቸው መንገዶች ረጃጅም ነበሩ። ባትሪዋ በየአራት አምስት ዓመቱ ትደክማለች። ቢጫው መብራት በበራ ቁጥር አዲስ ባትሪ አስመጥቼ፣ ማብሪያውን ሳልነካ፣ እንደበራች እቀይርላታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጨርሼ ፓኔሉን ስዘጋ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እልና ዳገቱን እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ በራቸው ድረስ ደርሼ፣ ባለቤታቸው ግቡ ስትለኝ፣ ለሰላምታ ነው ብዬ ተመልሻለሁ። በዚህ መሐል ኮረቱ መንገድ አስፋልት ሆነ፣ የሻይ ቤቱ ቴፕ ሞባይል ሆነ፣ ቱሪስቱ በገፍ መጣ፣ ከዚያ ጨርሶ ቀረ። ጸጉሬም የሚጎፈር አልሆነም።

ትዕግሥት ወይራዋ ሥር ተቀምጣ የተተኪዋን መመሪያ ታነብልኛለች። እኔን የፈለገችኝ የድሮዎቹ ሽቦዎች የትኛው የት እንደሚሄድ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። መሐል ላይ ፈገግ ብላ፣ የድሮዋ ባትሪ ስንቱን አሳስታለች መሰለዎት አለችኝ። መብራት አጥፍተው የሚቀይሩ ሞልተዋል፣ እኛም ተማሪ ሳለን ጓደኛችን አድርጎት ፕሮግራሙን አጥፍቶ ስንስቅበት ከረምን፤ እንደገና መጫን ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። በቅንነት ነው የምታወራው። ከዚያ ሳጥኗን ገልብጣ አሳየችኝ። ይችኛዋ ባትሪ የላትም። ፕሮግራሙ በትንሽ ካርድ ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ዓመት ቢጠፋ አትረሳም። እንግዲህ የሚቀየር ባትሪ የለም። ዳገቱን የምጀምርበት ምክንያትም የለም ማለት ነው። እኔ ስሞት ያን ቀይ መብራት ማን እንዳበራው የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም፤ ቄስ አዳነም በእጃቸው እንዳደረጉት አምነው ይቀበራሉ።

ሽቦዎቹን ካሳየኋት በኋላ፣ በዚያው ከሰዓት ወጣሁ። ስኳር አልያዝኩም። ቄስ አዳነ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንድ ዓይናቸው ጨርሶ አያይም። በእግሬ ኮቴ ዐወቁኝ። ደምሴ ነህ፣ ምነው ያለ በዓሉ አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በዓሉን መሻሬን፣ ማብሪያውን ማውረዴን፣ በጀርባ መውጣቴን፣ ለባለሙያው የዋሸሁትን። ስናገር አላቋረጡኝም። ባለቤታቸው ከጓሮ ዶሮ ስታባርር ይሰማል።

«ቀዩ መብራት ከጠበሉ በፊት ነው የበራው?» አሉኝ።

«በፊት ነው አባ።»

«በርቶ ነበር፣ እኔ ስገባ?»

«በርቶ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ ባትሪዋን ስንት ጊዜ ቀየርክላት?»

ምን ሊሉኝ እንደሆነ አልገባኝም። «ሰባት ጊዜ» አልኳቸው።

«ሰባቱንም ጊዜ መብራቱን ሳታጠፋ።»

«ሳላጠፋ።»

«እንግዲህ ሰባት ጊዜ ታውቀው ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተቀመጥኩበት ወርጄ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለካህን የሚባለውን አልኩ፤ ይፍቱኝ አልኳቸው። ከዚያ ከጠበሉ ቀን ወዲህ እንዲህ የሚላቸው ሰው ቢመጣ፣ እኔ ካህን አይደለሁም ብለው ወደ ሌላ ይልኩ ነበር። ቄስ አዳነ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። ወደ ራሴ ዘረጉት፤ ግን እመሐል ላይ አቆሙት። ከንፈራቸው ተነቃነቀ፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

«ደምሴ» አሉኝ፣ «እኔ ካህን መሆኔን የነገርከኝ ገና አሁን ነው። እስኪ ጊዜ ስጠኝ።»

ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። አንገቴን ደፍቼ፣ እሺ አባ አልኳቸው።